ምድጃ ያለው፣ ጋቢ የሌለው

አባቶቻችን የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ይነግሩን ነበር። መሬቱን በሥጋችን ክብደት፣ ውሃውን በደማችንና በዕንባችን፣ ነፋሱን በእስትንፋሳችን ስናገኘው፣ እሳቱ ግን ከሰውነታችን በየትኛው ክፍል እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ ደፋር ተማሪ ቢነሣ፣ የኔታ «ሙቀትህ ነዋ» ብለው ከማለፍ በቀር ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ስፍራ አልነበራቸውም። እኔም ይህን ጥያቄ ከዜማ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ረስቼው ኖሬ፣ ያስታወሰኝ በስተርጅና ናይሮቢ ላይ ያገኘኝ የሐምሌ ብርድ ነው።

ናይሮቢን በወሬ ብቻ የሚያውቃት የአገሬ ሰው፣ ከምድር ሰቅ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናትና ዓመቱን ሙሉ በሐሩር የምትጋይ ትመስለዋለች። ከተማዪቱ ግን ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በሐምሌ ሰማዩ ሳምንት ሙሉ ደመናውን ደርቦ ሲውል፣ ሌሊቱ እስከ 10 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ስሟም ቢሆን ማሳዮች ከብታቸውን ያጠጡበት የነበረውን ረግረግ «እንካሬ ናይሮቢ»፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ብለው ከጠሩት የወጣ ነው። የምኖርበት ግቢ ዘበኛ፣ በዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ የካምባ ሰው፣ በዚያ ወር ሁለት ካፖርት ደርቦ በበሩ አጠገብ ጂኮውን አቀጣጥሎ በቆሎ እየጠበሰ ያድራል፤ ሳልፍም «ሙዋሊሙ፣ ባሪዲ ካሊ!» ይለኛል፤ መምህር፣ ብርዱ ጨካኝ ነው ማለቱ ነው። እኔም «አዎን ምዜ»፣ አዎን ሽማግሌው፣ ብዬ ከጂኮዋ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ይህች ጂኮ ወገቧ ጠበብ፣ ላይዋና ታችዋ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ምድጃ ናት። ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ (ዘመኑን ሁሉ እዚህ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ) ውስጧ በተተኮሰ ሸክላ እየተለበጠ ስለ መጣ፣ ቀድሞ በቆርቆሮው በኩል ወደ ነፋስ ይባክን የነበረውን ሙቀት ሸክላው እየያዘው፣ ያው ጥቂት ከሰል ሌሊቱን የሚያዘልቅ ሆነ። በሻውሪ ሞዮ ያሉት ቀጥቃጮች፣ ጥላ በሌለው ሜዳ ስለሚሠሩ «ጁዋ ካሊ»፣ ብርቱ ፀሐይ፣ የሚባሉት፣ ሲቀጠቅጧት ውለው ያድራሉ። በአገራችን «ላቀች» የምትባለውም ምድጃ የዚህችው የጂኮ ልጅ ናት። ነገሩ የምድጃ ወሬ ቢመስልም ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው፤ የእሳትና የሽፋን ጉዳይ የዚህ ታሪክ ሁሉ ማጠንጠኛ ነውና።

ስብ ሲባል በእኛ ዘንድ ጮማ ነው፤ ጮማም የጥጋብና የበዓል ምልክት ነው። በኦሪት ሥርዓት የመሥዋዕቱ ስብ ለማንም ሳይደርስ በመሠዊያው ላይ ይጤስ እንደ ነበር የሰማን ሁሉ፣ ስብ የሚነድ ነገር መሆኑን ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን፤ የማናውቀው ግን መሠዊያውም መሥዋዕቱም ራሱ የሆነ፣ በሕያው ሰውነት ውስጥ በራሱ የሚነድ ስብ መኖሩን ነበር። ጮማ የምንለው ነጩ ስብ ጎተራ ነው፤ የተረፈውን ኃይል ለክፉ ቀን ያስቀምጣል እንጂ አይሠራበትም። ቡናማው ስብ ግን ምድጃ ነው። ቀለሙን ያገኘው ከሚመግቡት ብዙ የደም ሥሮችና በውስጡ ታጭቀው ከሚኖሩት፣ ብረት ካዘሉት ማይቶኮንድሪያ ከሚባሉ ረቂቃን የኃይል መፍለቂያዎች ነው። እነዚህ መፍለቂያዎች በሌላው የሰውነት ክፍል የውሃ ወፍጮን ይመስላሉ፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ድንጋዩን ያዞራል፣ ድንጋዩም ዱቄት ያወጣል። በቡናማው ስብ ውስጥ ግን «ዩሲፒ 1» የተባለው ፕሮቲን በቦዩ ጎን ሌላ መውረጃ ይከፍታል፤ ውሃው ድንጋዩን ሳያዞር ይወርዳል፣ ዱቄት የሚባል አይገኝም፣ የወረደበት ኃይልም እንዳለ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መውረጃውን የሚያስከፍተው ብርድ ነው፤ ቆዳው ሲቀዘቅዝ አንጎል በነርቮች በኩል ኖርአድሬናሊን የተባለውን መልእክተኛ ይልካል፣ ምድጃውም ይቀጣጠላል።

ይህን ስብ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ሲሆን፣ ዘመኑም 1551 ነበር። ጌስነር የእንስሳትን ሁሉ መልክና ጠባይ በአንድ ታላቅ መጽሐፍ ሊሰበስብ ተነሥቶ፣ በአልፕስ ተራራ ክረምቱን በጉድጓድ ተኝታ የምታሳልፈውን ማርሞት የተባለችውን አውሬ ሲመረምር፣ በትከሻዎቿ መካከል ስብም ሥጋም ለማለት የሚያስቸግር፣ በሁለቱ መካከል የሆነ ነገር አገኘ። ምን እንደሚሠራ አላወቀም፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ሳያውቁ «የክረምት እንቅልፍ ዕጢ» ብለው ሰይመው አለፉት። ሙቀት አመንጪ መሆኑ በብርድ ቤት በኖሩ አይጦች ላይ ታይቶ የተነገረው በ1961 ነው፤ በመካከሉ 410 ዓመት አለ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው ከ1830ዎቹ መባቻ ጀምሮ በሐበሻ ምድር ሲዘዋወር ቆይቶ፣ ስሜን ወጥቶ፣ ጎንደር ገብቶ፣ የግእዝ መጻሕፍትና የእንስሳት ቆዳ አስጭኖ የተመለሰ መንገደኛ ነው። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በፈረንጅ ሳይንስ ስም ያወጣላቸው እሱ ነው፤ ብራናዎቻችንም እስከ ዛሬ በፍራንክፈርት አሉ። ይህ ሰው በ1842፣ ከሸዋ ምድር ከመጡለት እንስሳት መካከል የሁለት ፍልፈሎችን ነገር ጻፈ። አንደኛው ዛሬ በባሌ ደጋ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ የሆነው ራሰ ትልቁ ፍልፈል ሲሆን፣ ወፍራም ጠጉሩን እንደ ደጋ ሰው በርኖስ ደርቦ የሚኖር ነው። ሁለተኛው ግን የሚያሳፍር ራቁቱን ነበር፤ የሌባ ጣትን ርዝመት እምብዛም የማያልፍ፣ ቆዳው የተጨማደደና እንደ አራስ ልጅ ሥጋ ቀላ ያለ፣ ዓይኑ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያነሰ፣ አራት ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የበቀለ፣ ከጥቂት ዘለላ በቀር ጠጉር የሚባል ያልፈጠረበት። ኦልድፊልድ ቶማስ በ1885 ከኦጋዴን ወደ ለንደን የመጡለትን ሌሎች እስኪመረምር ድረስ፣ ይህ ፍጥረት ገና ያልጠነከረ ግልገል ይሁን ወይስ ጠጉሩን በሕመም ያጣ፣ አንባቢው ቢጠራጠር የሚፈረድበት አልነበረም። ቶማስ ግን ያደገው አውሬ መልኩ ይኸው መሆኑን አረጋገጠ።

ሩፔል ሁለቱን በአንድ ዘመን ስም ሲያወጣላቸው፣ አንዱ በርኖስ ለብሶ ሌላው ራቁቱን የቀረበት ምክንያት አላስጨነቀውም፤ የዘመኑ ሥራ ስም ማውጣት ነበርና። ነገር ግን ጠጉር የሌለው እንስሳ፣ ያውም 30 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን፣ ሙቀቱን በምን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ የተመለሰው ከሸዋ ርቆ፣ ሩፔል በኖረበት ዘመን ከረግረግ በቀር ምንም ባልነበረባት በናይሮቢ ከተማ በተጀመረ ሥራ ነው።

የከተማዪቱን ልደት ሁሉም ያውቀዋልና ባጭሩ ልናገር። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውን የምድር ባቡር በ1896 ጀምረው፣ ሐዲዱ በግንቦት 1899 መጨረሻ ከረግረጉ ደረሰ፤ ዋናው መሐንዲስ ጆርጅ ዋይትሃውስም ከፊቱ ያለውን ገደል ከመውረዱ በፊት ድንኳኑንና ዕቃውን የሚያሳርፍበት ሜዳ ፈልጎ እዚያው ሰፈረ። የመንግሥቱ መቀመጫ በ1905 ከሞምባሳ ወደዚህ ተዛወረ። ሐዲዱ ሲዘረጋ ካለፈባቸው ደረቅ አገሮች አንዱ፣ ከናይሮቢና ከሞምባሳ መካከል የሚገኘው ምቲቶ አንዴይ ነው፤ ራቁቱ ፍልፈል ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ ከሥሩ ዋሻውን እየቆፈረ ይኖር ነበር።

የእኛ ዘበኛ የዚያ አገር ልጅ ነው። «ፉኮ» ይለዋል በስዋሂሊ፤ ልጅ ሳለ ዝናብ ከጣለ በኋላ ማለዳ ወደ እርሻ ሲወርድ፣ ምድር በትንንሽ አፎቿ አፈር ስትተፋ፣ ብናኙም እንደ ጢስ ሽቅብ ሲል ያይ እንደ ነበር፣ እንስሳውን ግን አንድም ቀን ከደጅ አግኝቶት እንደማያውቅ አጫወተኝ። ይህ እውነት ነው፤ ፍልፈሉ አፈሩን በኋላ እግሩ ሽቅብ እየረጨ ይጥለዋል እንጂ ራሱ አይወጣም። አንድ መንጋ የቆፈረው ዋሻ በጻቮ ሲለካ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህን ያህል የሚደክሙትም በደረቁ ምድር ተራርቀው የሚበቅሉትን ትልልቅ ሥራሥሮች በጨለማ ለመፈለግ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጄኒፈር ጃርቪስ የተባለች ሴት በናይሮቢው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለዶክትሬት ማዕረግ ስትደክም፣ ይህን ፍልፈል ለጥናቷ መረጠች። አያያዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ዋሻውን በአንድ በኩል አፍርሰው ብርሃንና ነፋስ ያስገቡበታል፤ ከዚያም መቆፈሪያቸውን አንሥተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ነዋሪዎቹ ቤታቸው መፍረሱን ነፋሱ ሲነግራቸው፣ ሊደፍኑት አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ መቆፈሪያውን ከኋላው ቸክሎ መመለሻውን የቆረጠበት ሰው በእጁ ያገባዋል። ጃርቪስ እንዲህ የሰበሰበቻቸውን በቤተ ሙከራ ብታኖራቸው፣ የሚገርም ነገር አየች፤ ከመንጋው ሁሉ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ሴቶች ሁሉ ሳይወልዱ ይቆፍራሉ፣ ይሸከማሉ፣ የእሷን ልጆች ያሞቃሉ። ከዓመታት ጥናት በኋላ በ1981 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስታወጣው፣ እንደ ንብ የሚኖር አጥቢ እንስሳ መኖሩ ለዓለም ተገለጠ።

ከዚህም የሚያስደንቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሪቻርድ አሌክሳንደር የተባለው አሜሪካዊ የነፍሳት መምህር በ1976 በአሪዞና ሲያስተምር፣ እንደ ምስጥ በንግሥት የሚተዳደር አጥቢ እንስሳ ቢኖር ኖሮ በሐሩር አገር፣ በጠንካራ ምድር ሥር፣ ሥራሥር እየበላ መኖር ይገባው ነበር ብሎ በሐሳቡ ብቻ ሣለው። ከሰሚዎቹ መካከል ኬንያ ቆይቶ የተመለሰ ቴሪ ቮን የተባለ ምሁር ተነሥቶ፣ የሣልከው እንስሳ አለ፣ ራቁቱ ፍልፈል ነው አለው፤ አሌክሳንደርም ለጃርቪስ ጻፈ፣ ኋላም ከፖል ሸርማን ጋር ኬንያ ድረስ መጥቶ አብሯት ቆፈረ። ይህን ስሰማ ነቢይ የተናገረለትን የሚያሳየው ሰው ያገኘ ይመስለኛል።

ስለ ንግሥቲቱ ይህን ያህል ሲወራ የሙቀቱ ነገር ለጊዜው ጥግ ይዞ ቆየ። ሮሼል ባፈንስታይንና ሽሎሞ ያሃቭ በ1991 ግን፣ ፍልፈሉን ከ12 እስከ 37 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እያኖሩ የሰውነቱን ሙቀት ቢለኩ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ አብሮ የሚቀዘቅዝ፣ አየሩ ሲሞቅ አብሮ የሚሞቅ ሆኖ አገኙት፤ እንደ እንሽላሊት ማለት ነው። እንግዲህ ምድጃ የለውም ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን በትከሻዎቹ መካከል ቢመለከቱ ቡናማው ስብ በስፍራው አለ፤ ነርቮቹም እስከ እሱ ተዘርግተዋል፤ ኖርአድሬናሊን በመርፌ ሲሰጡትም ምድጃው እንደ ማንኛውም አጥቢ ይነድዳል። ጌስነር በተራራ አውሬ ላይ ያየውን ስብ፣ የሸዋ ቆላ አውሬም ተሸክሞት ይኖር ኖሯል።

እሳቱ ካለ ለምን አይሞቅም? መልሱ ዘበኛችን ዘንድ አለ፤ ሸክላው የተሰበረባትን ጂኮ ነፋስ ላይ ብታስቀምጣት፣ ከሰሉ ያልቃል እንጂ በቆሎው አይበስልም። ፍልፈሉ ጠጉር የለውም፤ ከቆዳው በታችም ብርድ የሚከላከል የስብ ንጣፍ የለውም፤ ስለዚህ ያነደደው ሙቀት ወዲያው ይባክናል። የዋሻው አየር 30 ዲግሪ ያህል ሆኖ ስለሚቆይለት ይህ አይጎዳውም፤ ቢበርደው እርስ በርሱ ተደራርቦ ይተኛል፣ ወይም ፀሐይ ያሞቀችው ከላይ ወዳለው ዋሻ ወጥቶ ገላውን ያስመታል። ራሰ ትልቁ የባሌ ፍልፈል በበርኖሱ ሲኖር፣ ራቁቱ ፍልፈል በባልንጀሮቹ ገላ ይኖራል። ዕድሜው ግን ከ30 ዓመት በላይ ይሄዳል፤ ይህን ለሚመኙ ሰዎች የሽፋኑን ነገር አስታውሳቸዋለሁ።

ከፍልፈሉ ስብ ወደ ሰው ስብ ልለፍ፤ በሰው ገላ ላይ የናይሮቢ ታሪክ የተለየ መንገድ ይዟል። በቅኝ አገዛዙ ዘመን የመንግሥቱን ሐኪሞች ያሳስባቸው የነበረው የሰው ክሳት እንጂ ውፍረት አልነበረም፤ እርሻውና ሐዲዱ የሚሠራበት ጉልበት ይፈለግ ነበርና። የሕክምናው መሥሪያ ቤት አለቃ ጆን ጊልክስ፣ ኋላ በ1949 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከተቀበለው ከጆን ቦይድ ኦር ጋር ሆኖ፣ ወተት፣ ሥጋና ደም የሚመገቡትን ማሳዮች እህል ከሚመገቡት ኪኩዩዎች ጋር አስተያይቶ በ1931 አሳተመ። የማሳይ ወንዶች በቁመት 5 ኢንች፣ በክብደት 23 ፓውንድ በልጠው ተገኙ። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሬቱ ተወስዶበት ለሌላ ሰው እርሻ የሚውለውን ኪኩዩ በሚዛን ላይ አቁሞ የጎደለውን ወተት ብቻ የሚፈልግ ጥናት፣ ሚዛኑን ያነሣው ማን እንደ ሆነ አልጠየቀም።

ክሳት ወደ ውፍረት የተለወጠው በባቡሩና በአውቶቡሱ መንገድ ነው። በ1990 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከምዕራብ ኬንያ ገጠር ሥራ ፍለጋ ወደ ናይሮቢ የሚመጡትን ሉዎች እየተከተለ፣ በቀሩት ወንድሞቻቸው አንጻር ሲያያቸው፣ መጤዎቹ ገና በገቡ በወሩ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ፣ ክብደታቸውም ጨምሮ፣ በሽንታቸው የሚወጣው ጨው በዝቶ አገኘ። አንድ ወር! ሰውዬው ገና የተከራየባትን ክፍል ቁልፍ አልለመደም። ዛሬ የከተማው ቁርስ ቻፓቲና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ምሳው ድንች ጥብስ፣ መንገዱ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ሆኗል፤ በመላው ኬንያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ2008–09 ጥናት 25 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2014 33 በመቶ ሆነዋል፤ በከተማው ከገጠሩ የባሰ ነው። አዲስ አበባም በዚሁ መንገድ ላይ ናት፤ የእኛ ሰው ግን አሁንም «ወፈርክ» ማለትን ምርቃት ያደርገዋል።

ጎተራው ሞልቶ ሲፈስ፣ በምድጃው አቃጥለን ብንቀንሰውስ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ሐሳቡ ግን ከምድጃው መገኘት የቀደመ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች፣ ፈንጂ ከሚቀመምበት ዳይናይትሮፌኖል ከሚባል ቢጫ ዱቄት የተነሣ ያለ ሕመም እየተኮሱ፣ እያላባቸው፣ እየከሱ ሄዱ። በ1933 በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ሐኪሞች ይህንኑ ዱቄት ለወፍራሞች መስጠት ጀመሩ፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ 100,000 ያህል አሜሪካውያን እንደ ዋጡት ይገመታል። ዱቄቱ የወፍጮውን ቦይ በቡናማው ስብ ብቻ ሳይሆን በሰውነት ሁሉ ይሰብራል፤ ስለዚህ የከሱ ከሱ፣ ዓይናቸው በሞራ የታወረም ነበሩ፣ ከውስጥ ተቃጥለው የሞቱም ነበሩ። በ1938 መንግሥት ለሰው የማይሆን መርዝ ብሎ ከለከለው። ጥቂት ሰዎች ግን ዛሬም ድረስ በስውር እየገዙ ይውጡታል፤ ይሞቱበታልም።

ቡናማው ስብ በሕፃናት ትከሻ መካከልና በኩላሊታቸው ዙሪያ መኖሩ ሲታወቅ ቆይቷል፤ ሕፃን መንቀጥቀጥ ስለማይችል ብርዱን የሚመክተው በእሱ ነውና። ካደገ ሰው ግን ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር። እዚህ ላይ ንጉሥ ዳዊት ትዝ ይለኛል፤ ሸምግሎ ልብስ ቢደራረብለት አልሞቅ ብሎት፣ ሱነማይቱ አቢሳን ያቅፋት ዘንድ እንዳመጡለት እናውቃለን። ስቡ ከዕድሜ ጋር እየመነመነ መሄዱን ሊቃውንቱ ዛሬ ሲናገሩ፣ የዳዊት ባለሟሎች ያዘዙት መድኃኒት ራቁቱ ፍልፈል ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ሆኖብኛል። በ1979 ሮዝዌልና ስቶክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከመጠን በላይ የበሉ አይጦች ትርፉን በቡናማው ስብ ሲያቃጥሉት አየን ብለው ከጻፉ በኋላ፣ ብዙ ሊቃውንት ተስፋ ሰንቀው ተነሡ፤ ላደገ ሰው ግን ምን ይጠቅማል ተብሎ ነገሩ በረደ።

እንደገና የተቀጣጠለው የነቀርሳ ሐኪሞች ሳያስቡት ባገኙት ነገር ነው። ፔት የተባለው መሣሪያ፣ ጨረር የተቀላቀለበት ስኳር በደም ውስጥ ተሰጥቶ ስኳሩ የሚበላበትን ስፍራ በብርሃን የሚያሳይ ነው፤ ነቀርሳ ስኳር ይወዳልና በዚያው ይታወቃል። ነገር ግን በብርድ ቀን የመጡ ሕመምተኞች አንገትና ከትከሻ በላይ ያለው ጥምዝ ስፍራ፣ ነቀርሳ ሳይኖርበት ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ያበራ ነበር። መሣሪያውን ያበላሸው የገዛ ሰውነታችን ምድጃ ኖሯል። በሚያዝያ 2009፣ ይህን ያህል ዘግይቶ፣ ሦስት ጥናቶች በአንድ የሕክምና መጽሔት አብረው ወጡ፤ የቦስተኑ በ1,972 ሰዎች ምስል ላይ ፈልጎ ከሴቶቹ 7.5 በመቶ፣ ከወንዶቹ 3.1 በመቶ አገኘው፤ የማስትሪኽቱ ግን 24 ወንዶችን በ16 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ቢያስቀምጥ በ23ቱ ነድዶ ታየ፤ በወፈሩት ላይ ደግሞ ደከም ያለ ነበር። ይህ የፔት መሣሪያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በናይሮቢም ገብቶ በአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሠራል፤ ታማሚው በደንብ ተሸፍኖ በሞቀ ክፍል እንዲቆይ የሚደረገውም ይኸው ምድጃ ምስሉን እንዳያሳስት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምድጃውን በሥርዓት ለማንደድ የተሞከረው ብዙ ነው። በጃፓን ወጣቶችን በቀን ሁለት ሰዓት በ17 ዲግሪ ክፍል ለስድስት ሳምንት አስቀምጠው፣ ስቡ ሲበረታና የሰውነታቸው ጮማ ጥቂት ሲቀንስ አይተዋል። ከማያቃጥል ቃሪያ የወጣ ንጥረ ነገርም ምድጃውን ያነቃል ተብሏል፤ በርበሬ በእንጀራ የሚበላ ሕዝብ ቀጥኖ መገኘት ይገባው ነበር ብዬ ስቄ ነበር። በ2015 ለፊኛ ሕመም የተሠራውን ሚራቤግሮን የተባለ መድኃኒት በ200 ሚሊ ግራም መጠን ለ12 ጤነኛ ወጣቶች ሰጥተው፣ በዕረፍት ላይ ያለ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው በቀን በ203 ካሎሪ ከፍ አለ፤ ልባቸውም አብራ ፈጠነች። 203 ካሎሪ ሁለት ቻፓቲ አይሆንም። ጎተራን በዚህ ሂሳብ ማጉደል ረጅም ዕድሜና የማይታወክ ልብ ይፈልጋል፤ ያ ቢጫ ዱቄት የገደላቸውን ሰዎች የሚያስታውስ ሐኪም በዝግታ ቢሄድ አይወቀስም። ክብደት በብዛት እየቀነሱ ያሉት የዛሬዎቹ መርፌዎችም ምድጃውን ሳይሆን የምግብ ፍላጎትን ነው የሚይዙት።

ባለፈው ሐምሌ የዘበኛችን ልጅ፣ የስድስት ሳምንት አራስ አዝላ፣ አባቷን የልጅ ልጁን ልታሳየው ከማኩዌኒ መጣች። ሕፃኑ በካንጋ ጨርቅ ታስሮ፣ የእናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን አዘንብሎ ተኝቷል። አያቱ ከጊኮምባ ገበያ በልባሽ ልብስ ዋጋ የገዛውን የሱፍ ሹራብ አወጣና፣ ከነኮፍያው አለበሰው፤ በላዩም ሌላ ብርድ ልብስ ደረበበት። ጥቂት ቆይቼ ጣቴን ከሕፃኑ አንገት ሥር፣ ከትከሻዎቹ መካከል ባስገባ፣ ስፍራው ረጥቦ አገኘሁት፤ አልቦታል። «ምዜ፣ ሞቆታል» አልኩት። ሽማግሌው ግን ባሪዲ ካሊ መሆኑን ደግሞ ነገረኝና፣ የጂኮዋን ከሰል በእንጨት ቆስቁሶ፣ ወደ ሕፃኑ በኩል አስጠጋት።